የፕሮቲን ምሕንድስና ባለሙያ ሆኖ በባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ ለመሥራት፦ ከመለኪያው የሚጀምር መመሪያ

300 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ፕሮቲን በእጅዎ አለ እንበል። በየቦታው ያለውን አሚኖ አሲድ በቀሩት 19 ዓይነቶች አንድ በአንድ ቢተኩ የሚያገኟቸው ባለ አንድ ለውጥ ተለዋጮች 5,700 ናቸው፤ ይህ በትጋትና በሮቦት ድጋፍ የሚሞከር ቁጥር ነው። ሁለት ለውጦችን ለማጣመር ሲነሡ ግን ቁጥሩ ከ16 ሚሊዮን ያልፋል፤ ሦስትና አራት ሲሆን ደግሞ የትኛውም ቤተ ሙከራ አይጨርሰውም። ስለዚህ የፕሮቲን መሐንዲስ ሙሉውን መስክ የሚያስስ ሰው አይደለም፤ ከማያልቅ መስክ ውስጥ ጥቂት ሺህ፣ አንዳንዴም ጥቂት ደርዘን ተለዋጮችን መርጦ የሚለካ፣ በለካውም ላይ ተመርኩዞ ቀጣዩን የሚመርጥ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ ሙያው ለመግባት ለሚያስቡና የመጀመሪያ ዓመቶቻቸውን በሥራው ላይ ለሚያሳልፉ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፤ በዚህ ሥራ ከዲዛይኑ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው መለኪያው ነው።

ሁለት የታወቁ ሥራዎችን ጎን ለጎን ማየት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በ1996 በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደው ኢንሱሊን ሊስፕሮ ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው በአንዱ ሰንሰለት ላይ 28ኛውና 29ኛው አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮሊንና ላይሲን፣ ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ለውጥ የኢንሱሊን ሞለኪውሎች እርስ በርስ የመያያዝ ዝንባሌያቸውን ስለሚቀንስ መድኃኒቱ ከተወጋበት ቦታ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። በ2010 ይፋ የሆነው፣ ሲታግሊፕቲን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ለማምረት የተሠራው ትራንስአሚኔዝ ኢንዛይም ግን 27 ለውጦችን ተሸክሟል። መነሻው ኢንዛይም በተፈለገው ንጥረ ነገር ላይ ሊለካ የሚችል እንቅስቃሴ አልነበረውም፤ የመጨረሻው ግን ግማሹ ዳይሜትል ሰልፎክሳይድ የተባለ ሟሟ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ በሊትር 200 ግራም የሚደርስ ጥሬ ዕቃ ላይ ይሠራል። አንዱ ችግር በሁለት አሚኖ አሲዶች፣ ሌላው በ27 ተፈታ፤ በሁለቱም ግን የተፈለገው ባሕርይ በስም የሚጠራና በቁጥር የሚለካ ነበር።

ከመቀጠር በፊት

በብዙ ኩባንያዎች የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው በምርምር ረዳትነት፣ ዶክትሬት ያላቸው ደግሞ በሳይንቲስትነት ይቀጠራሉ፤ ከረዳትነት ተነሥተው በልምድ የሚያድጉም ጥቂት አይደሉም። የተማሩበት ክፍል ባዮኬሚስትሪ ይሁን ኬሚካል ምሕንድስና ወይም ባዮፊዚክስ ብዙም ለውጥ አያመጣም። የሚጠየቀው ጂን አስገብቶ ፕሮቲን ማስመረት፣ ያንን ፕሮቲን ማጥራት፣ ያጠሩትን በትክክል መለካትና የለኩትን በስታቲስቲክስ መተርጎም መቻልዎ ነው። የፕሮቲንን ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ ከፍቶ የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ ማንበብ የግድ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በመጠኑ ማወቅ ደግሞ ዛሬ እንደ ተጨማሪ ችሎታ መቆጠሩ ቀርቷል፤ ብዙ ትንንሽ ጉድጓዶች ካሏቸው የመለኪያ ሳህኖች የሚወጣ የአንድ ሳምንት መረጃ በእጅ የሚገለብጥ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይደክማል፣ በሦስተኛው ደግሞ ይሳሳታል።

ለሳይንቲስትነት ቦታ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰዓት ያህል ንግግር ይኖረዋል። ብዙ አመልካቾች ይህን ንግግር በተሳኩ ውጤቶች ብቻ ይሞሉታል፤ በእኔ ግምት ስሕተት ነው። ከወዲያ ማዶ የተቀመጡት ሰዎች በየሳምንቱ የሚገጥማቸው ያልተሳካ ሙከራ ስለሆነ፣ ማየት የሚፈልጉት ያልተጠበቀ ቁጥር ሲመጣ ምን እንዳሰቡ፣ መለኪያውን እንዴት እንደፈተሹና መንገድዎን ለምን እንደቀየሩ ነው። አንድ የከሸፈ ሐሳብ ከነምክንያቱ ይዘው ይሂዱ። «ይህ ተለዋጭ አምስት እጥፍ ተሻለ» ሲሉ ደግሞ «አምስት እጥፍ የተባለው በአንድ ሚሊግራም ንጹሕ ፕሮቲን ነው ወይስ በአንድ ጉድጓድ?» የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አይጠራጠሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ፕሮጀክት ሲሰጥዎት ወደ ቅርጹ ከመሮጥ በፊት ፕሮቲኑን መጨረሻ ላይ የሚጠቀምበትን ሰው ያግኙ። ኢንዛይም ከሆነ በምን ያህል ሙቀት፣ በምን ዓይነት አሲዳማነት፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ጥሬ ዕቃ መካከል ይሠራል? መድኃኒት ከሆነ በደም ሥር ነው የሚሰጠው ወይስ ከቆዳ በታች? ከቆዳ በታች የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል በአንድ ሚሊሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ መጠን ሊኖረው ስለሚችል፣ በዚህ ክምችት ላይ እንደ ማር የሚወፍር ፕሮቲን የቱንም ያህል ዒላማውን አጥብቆ ቢይዝ አያገለግልም። መልሶቹን በአንድ ገጽ ጽፈው ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ቁጥር ያስቀምጡ፤ አንዱ የሚመኙት፣ ሌላው ከዚያ ቢያንስ ሥራው ዋጋ የሚያጣበት። ሁለተኛው ቁጥር የሌለው ፕሮጀክት መቼ እንዳለቀም፣ መቼ መቆም እንዳለበትም አይታወቅም።

መለኪያው

በሙያው ውስጥ ሁሉም የሚደጋግመው አባባል አለ፤ የምታገኘው ያጣራህበትን ነው። ማጣራት ሲባል ከብዙ ተለዋጮች የተሻሉትን በመለኪያ መለየት ነው። ይህን በቃል ከማወቅና በሥራ ከመቅመስ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት የአንድን ኢስቴሬዝ ኢንዛይም ተለዋጮች የምናጣራው ሲሰበር ቢጫ ቀለም በሚሰጥ የፓራ ናይትሮፌኖል ኢስተር ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በዓይን ይታያል። ከሦስት ዙር በኋላ ቢጫው እጅግ ደምቆ ደስ አለን። ደንበኛው የሚፈልገው ንጥረ ነገር ላይ ስንሞክረው ግን ምርጡ ተለዋጭ ከመነሻው ኢንዛይም በታች ሆነ፤ ለወራት ያሠለጠንነው ኢንዛይሙን ቢጫውን እንዲወድ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሥራው እንደ ገና ከሀ ተጀመረ።

ይህ ማለት ግን ተተኪ ንጥረ ነገር አይነካ ማለት አይደለም። በሲታግሊፕቲኑ ሥራ መነሻው ኢንዛይም ትልቁን ሞለኪውል ጨርሶ ስላልተቀበለ፣ ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ያጠረ ተመሳሳይ ሞለኪውል ተጠቅመው ንጥረ ነገሩ የሚገባበትን የኢንዛይሙን ኪስ ከፈቱ፣ ከዚያም ወደ እውነተኛው ተሻገሩ። ልዩነቱ ተተኪው ድልድይ መሆኑ አስቀድሞ መታወቁና መሻገሪያው መታቀዱ ነው። እውነተኛውን ንጥረ ነገር በየጉድጓዱ መለካት ውድ ከሆነብዎት ቢያንስ ከየዙሩ ምርጥ አሥሩን በእሱ ላይ ይፈትኑ።

መለኪያው ለማጣራት ብቁ መሆኑን በቁጥር ማረጋገጥም ይቻላል። በአንድ ሳህን ላይ ግማሹን ጉድጓድ በመነሻው ፕሮቲን፣ ግማሹን ደግሞ ፕሮቲኑ በሌለበት ናሙና ይሙሉ። የሁለቱን ቡድኖች መደበኛ ልይይት (የቁጥሮቹን የመበታተን መጠን) ደምረው በሦስት ያባዙ፣ በአማካዮቻቸው ልዩነት ያካፍሉ፣ ያገኙትን ከ1 ይቀንሱ። ዜድ ፕራይም የሚባለው ይህ ቁጥር ከ0.5 በላይ ከሆነ መለኪያው ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሳህን ከመጨመር ይልቅ መለኪያውን መጠገን ይቀድማል። ሁልጊዜ የሚያታልሉ ነገሮችንም ከወዲሁ ይወቁ። በሳህኑ ጠርዝ ያሉ ጉድጓዶች ፈሳሻቸው ቶሎ ስለሚተን ከመካከሉ የተለየ ቁጥር ይሰጣሉ። በባክቴሪያ ጭማቂ (ከተሰበሩ ሕዋሶች በሚወጣ ፈሳሽ) ላይ የሚለካ እንቅስቃሴ ደግሞ ፕሮቲኑ ስለተሻለም፣ ባክቴሪያው ብዙ ፕሮቲን ስላመረተም ከፍ ሊል ይችላል። ሁለተኛው መጥፎ ዜና አይደለም፤ ብዙ የሚመረት ፕሮቲን ለኩባንያው ገንዘብ ነው። ነገር ግን የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ወደ ቀጣዩ ዙር መግባት በጨለማ መራመድ ነው።

የዕድልንም ድርሻ ማስላት ይገባል። መለኪያዎ 15 በመቶ የሚዋዥቅ ከሆነና 1,000 ጉድጓዶችን ፍጹም በአንድ ዓይነት ፕሮቲን ቢሞሉ፣ ከመካከላቸው አንድ ወይም ሁለቱ በአጋጣሚ ብቻ 45 በመቶ የተሻሉ መስለው ይታያሉ። አለቃዎ በስብሰባ ላይ እንዲያዩት የሚፈልጉት «አሸናፊ» ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ማጣሪያ የተመረጠ ሁሉ በአራት ወይም በስምንት ጉድጓድ ተደግሞ ሳይለካ ስሙ በሪፖርት አይጻፍ።

ምን ያህል ተለዋጭ፣ በምን ዘዴ

ተለዋጮችን ለማዘጋጀት ያለው ዘዴ ብዙ ቢሆንም ምርጫው ከመለኪያዎ አቅም ይመነጫል። በቀን 90 ናሙና ብቻ መለካት ለሚችል ሰው ሚሊዮን ተለዋጭ ማዘጋጀት ትርፉ ድካም ነው። አንድን ቦታ ሙሉ በሙሉ ለማሰስ ኤንኤንኬ የሚባለው የኮዶን ድብልቅ በብዛት ይሠራበታል (ኮዶን አንድ አሚኖ አሲድን የሚወክል የሦስት ዲኤንኤ ፊደላት ቡድን ነው)፤ በ32 ኮዶኖች 20ዎቹንም አሚኖ አሲዶች ይሸፍናል፣ ከመካከላቸው ማቆሚያ ኮዶን የሚሆነው አንድ ብቻ ነው። አንድ የተወሰነ ኮዶን በናሙናዎ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 95 በመቶ እንዲሆን 95 ያህል ክሎኖች (እያንዳንዳቸው ከአንድ ሕዋስ የተባዙ የባክቴሪያ ስብስቦች) መልቀም ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ለአንድ ቦታ ልክ የሚሆነው። ሁለት ቦታዎችን በአንድ ላይ ካሰሱ ግን ቁጥሩ ወደ 3,070 ገደማ ይወጣል። አዲስ ሠራተኞች ሳህኑን በሙሉ በተለዋጭ ለመሙላት ሲሉ የመቆጣጠሪያ ናሙናዎችን ይዘላሉ። ስሌቱን ሠርቶ ማየት ይበጃል፤ ስምንት ጉድጓዶችን ለመቆጣጠሪያ ቢሰጡ ሽፋንዎ ከ95 ወደ 94 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ያ ብቻ ነው። ለዚህ ትንሽ ዋጋ ሳህኑ የሚታመን ይሆናል።

ፕሮቲኑ በየት በኩል መለወጥ እንዳለበት ፍንጭ በሌለ ጊዜ በጂኑ ላይ ስሕተት እያስገቡ ማባዛት ጥሩ መነሻ ነው። ፍራንሲስ አርኖልድ በ1993 ሰብቲሊሲን የተባለውን ኢንዛይም በዚህ መንገድ በዙር እያሻሻለች፣ 60 በመቶ ዳይሜትል ፎርማማይድ የተባለ ሟሟ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ እንቅስቃሴውን ከመነሻው 256 እጥፍ አድርሳዋለች፤ ለዚህ ዘርፍ ያበረከተችው ሥራም በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አሰጥቷታል። የዘዴው ድክመት በአንድ ኮዶን ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ ሲለወጥ የሚደረስባቸው አማራጮች ዘጠኝ ብቻ መሆናቸው ነው፤ አንዳንዶቹም ያንኑ አሚኖ አሲድ ስለሚመልሱ ከ19ኙ ተተኪዎች ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ ይሞከራሉ። በዚህ የተገኘን ጠቃሚ ቦታ በኤንኤንኬ ደግሞ መፈተሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዒላማን የሚይዙ ፕሮቲኖችን ለሚሠራ ሰው ሁኔታው ይለያል። ጆርጅ ስሚዝ በ1985 ያሳየው የፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) ማሳያ ዘዴ ፕሮቲኑን በቫይረሱ ገጽ ላይ፣ ጂኑን ደግሞ በውስጡ ስለሚያኖር፣ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ተለዋጮች በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ይጣራሉ፤ በእርሾ ላይ የሚደረገው ማሳያ ቁጥሩ ቢያንስም ሕዋሶቹ በፍሎረሰንስ መለያ መሣሪያ አንድ በአንድ ስለሚለኩ የመያዝ ጥንካሬን በደረጃ ለመለየት ይመቻል። አዳሊሙማብ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል የተገኘው በፋጅ ማሳያ ነው። እዚህም ቢሆን የመለኪያው ሕግ አይቀየርም፤ ዒላማው በፕላስቲክ ላይ ተለጥፎ ከቀረበ ፕላስቲኩን የሚወዱ ፋጆች አብረው ይመጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ ለውጦች ፕሮቲኑን በመጠኑም ቢሆን ያላላሉ፤ መነሻው ፕሮቲን ራሱ በቋፍ ላይ ያለ ከሆነ ጠቃሚው ለውጥ ሳይቀር አብሮ ይወድቃል። ጊዜ ካለ መጀመሪያ የፕሮቲኑን የሙቀት ጽናት ማሻሻል፣ ከዚያ ወደ እንቅስቃሴው መሄድ የኋላውን ሥራ ያቀላል።

ኮምፒዩተሩ የሚያግዝበትና የማያግዝበት

አልፋፎልድ 2 የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም በ2020 የፕሮቲን ቅርጽ ትንበያ ውድድርን በሰፊ ልዩነት ካሸነፈ ወዲህ የተተነበየ ቅርጽ የሌለው ፕሮቲን ብርቅ ሆኗል፤ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልም በፕሮቲን ዲዛይንና በቅርጽ ትንበያ ሥራቸው ለዴቪድ ቤከር፣ ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ተሰጥቷል። በ2022 የወጣው ፕሮቲን ኤምፒኤንኤን የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ለተሰጠ ቅርጽ የሚስማማ ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ በዚህ መንገድ የተጻፉ ፕሮቲኖች ብዙ ጊዜ በሚገባ ይመረታሉ፣ ሙቀትንም ይቋቋማሉ። እነዚህን መሣሪያዎች አለመጠቀም ዛሬ ሰበብ የለውም። ይሁን እንጂ ለቅርጽ ትንበያ የሚሰጠው የእርግጠኝነት ነጥብ የጽናት መለኪያ አይደለም፤ አንድ አሚኖ አሲድ ተቀይሮ ፕሮቲኑ በእውን ቢፈርስም ፕሮግራሙ ያንኑ ውብ ቅርጽ ሊሥል ይችላል። የኢንዛይምን ፍጥነት መተንበይ ደግሞ እስከ አሁን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ሞዴሉን የትኞቹን 88 ተለዋጮች ልሞክር ለሚለው ጥያቄ ይጠቀሙበት፤ ከእነዚህም ውስጥ ጥቂቶቹን በዘፈቀደ ወይም በራስዎ ግምት ይምረጡ። አለዚያ ሞዴሉ ረድቶ እንደሆነ የሚያወዳድሩበት አይኖርዎትም። የወደቁትን ተለዋጮች ቁጥርም እንደ አሸናፊዎቹ በጥንቃቄ ይመዝግቡ፤ ሞዴሉ በሚቀጥለው ዙር የሚማረው ከሁለቱም ነው።

የተሻለ ተገኘ ሲባል

ጂኑን እንደ ገና ወደ አዲስ ሕዋስ ያስገቡ፣ ቅደም ተከተሉን ሙሉ በሙሉ ያስነብቡ፣ ከመነሻው ፕሮቲን ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ዘዴ አጥርተው ጎን ለጎን ይለኩ፤ ይህንንም በተለያየ ቀን በተዘጋጁ ሦስት ናሙናዎች ይድገሙት። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ከእንቅስቃሴ ውጪ ናቸው፦ በማከማቻ ይጓጎላል ወይ፣ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ምን ይሆናል፣ በሚመረትበት ሕዋስ ምን ያህል ይገኛል። በፀረ እንግዳ አካላት ላይ ደግሞ ዒላማን በሚይዙት ቀለበቶች ውስጥ አስፓራጂን የተባለውን አሚኖ አሲድ ግላይሲን ተከትሎት ከሆነ አስፓራጂኑ በጊዜ ብዛት ሊለወጥ ይችላል፤ ጥንድ የሌለው ሲስቴይን፣ ለኦክስጅን የተጋለጠ ሜታዮኒንና ያልታሰበ የስኳር መለጠፊያ ቦታም እንዲሁ መፈተሽ አለባቸው። እነዚህን በወረቀት ላይ እያሉ ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ የማምረቻ ክፍሉ ካገኛቸው በኋላ ግን ወራት ይወስዳል።

መዝገብ፣ ፓተንትና ዝምታ

በኢንዱስትሪ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ የኩባንያው ንብረት በመሆኑ፣ ከፓተንት ማመልከቻ በፊት በጉባኤ ፖስተር ላይ የወጣ አንድ ቅደም ተከተል በአውሮፓ መብቱን ሊያሳጣ ይችላል። ከሕግ ክፍሉ ጋር የሚደረገውን ውይይት እንደ እንቅፋት አይዩት። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመድኃኒት ኩባንያዎቹ በአምጀንና በሳኖፊ መካከል በነበረው ክርክር፣ ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ፕሮቲን ይዘው ተግባሩን የሚያግዱ ፀረ እንግዳ አካላትን በጅምላ በተግባራቸው ብቻ ይገባኛል ያለውን ፓተንት በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርጓል፤ ምክንያቱም ሰነዱ ሌላው ባለሙያ ያንን ሰፊ ክልል ሁሉ እንዲሠራ አያስችልም ነበር። ለቤተ ሙከራው ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሰፊ መብት የሚፈልግ ኩባንያ ከአንድ አሸናፊ ይልቅ የብዙ ተለዋጮች የተሟላ መረጃ ያስፈልገዋል፤ ያ መረጃ የሚመጣው ከእርስዎ ማስታወሻ፣ ከነቀኑና ከነናሙና ቁጥሩ ነው።

ማቆምና ማስረከብ

ፕሮጀክቶች የሚቆሙት ብዙውን ጊዜ ፕሮቲኑ ስላልተሻሻለ ሳይሆን ገበያው ወይም የኩባንያው ዕቅድ ስለተቀየረ ነው። ይህን በግል ላለመውሰድ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔን ሁለት ፕሮጀክት ፈጅቶብኛል። በሳይንሱ ምክንያት ማቆም የሚገባበትን ነጥብ ግን ራስዎ አስቀድመው ይጻፉ፦ በሦስት ዙር ይህን ያህል ካልተሻሻለ መነሻውን ፕሮቲን እንቀይራለን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ሲጻፍ ማንንም አያስቆጣም፣ በዓመቱ መጨረሻ ሲነገር ግን ጠብ ያስነሣል።

በሚያስረክቡ ጊዜ የተረጋገጠ ቅደም ተከተል ያላቸውን ፕላዝሚዶች (ጂኑን የሚሸከሙ ክብ ዲኤንኤዎች)፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ የተቀመጡ የሕዋስ ናሙናዎችን፣ የወደቁትን ጨምሮ የሁሉንም ተለዋጮች ቁጥርና የመለኪያውን አሠራር ከነኬሚካሎቹ የምርት ቁጥር ይተዉ። ከሁሉም በፊት የመነሻው ፕሮቲን በቂ መጠን በትንንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራው እንደ ገና ሲከፈት፣ አዲሱ ሰው የእርስዎን ቁጥሮች ከራሱ ጋር ማወዳደር የሚችለው ያንኑ ናሙና በራሱ ሳህን ላይ ለክቶ ነው።